ሥዕል አዋቂን ከፊት አስቀምጦ መሣል

ጥያቄ፦

«ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በእርሳስና በከሰል የሰው ፊት ስሥል የኖርኩ ሠዓሊ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሁለት ሥራዎቼን የገዙኝ አንድ የሥዕል ሰብሳቢ፣ በአካል ተቀምጠውልኝ ፖርትሬታቸውን (የፊታቸውን ሥዕል) እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፤ በደስታ ተቀበልኩ። የምንሠራው በቤታቸው፣ የሰበሰቧቸው ሥዕሎች በተሰቀሉበት ሳሎን ውስጥ ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ተቀምጠውልኛል፤ አራቱንም ቀን የተመለስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። እየሣልኳቸው ስለ ሥዕል ያወራሉ። ዕረፍት ባደረግን ቁጥር ከኋላዬ መጥተው ወረቀቱን ያዩና ‹አፍንጫው ትንሽ አልረዘመም?›፣ ‹እዚህ ጋ መስመሩ ባይከብድ› ይሉኛል። አንዳንዴ ትክክል መሆናቸው ደግሞ የባሰ ያሸማቅቀኛል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥራዎች በታላላቅ እጆች የተሠሩ ናቸው፤ ቀና ባልኩ ቁጥር እጄን ያስሩታል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ያየ ሁሉ ማን እንደሆነ ይለያል፤ ግን ሕይወት የለውም፤ ጭምብል ነው። ጥቂት ፎቶግራፍ አንሥቼ ቤቴ ብጨርሰው ይሻል ይሆን? ዕድሜያቸውን ትንሽ ብቀንስላቸውስ ነውር ነው? ባይወዱትና ከእንግዲህ ሥራዬን መግዛት ቢተዉስ?»

እጄ የታሰረብኝ ሠዓሊ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ንባብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውየው ስለ ሥዕልዎ ምን እንዳሉ፣ በየዕረፍቱ የት መጥተው እንደሚቆሙ፣ ግድግዳቸው ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደተሰቀለ፣ ነገ ምን ሊወስኑ እንደሚችሉ ሁሉንም ጽፈውልኛል። ስለ ፊታቸው ግን አንድም ቃል የለም። ግንባራቸው ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ ይሁን የወጣ፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወዴት እንደሚያዘነብሉ ከደብዳቤዎ ማወቅ አልቻልኩም። ዘጠኝ ዓመት ፊት ሲሥል የኖረ ሰው፣ አራት ቀን ሙሉ ከፊቱ ስለተቀመጠ ሰው ሲጽፍ ይህን መዝለሉ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በእነዚህ አራት ቀናት ማየቱን ለእሳቸው ለቅቀውላቸው እርስዎ መታየትን ይዘዋል፤ እጅዎም የሠራው ያን መታየት ነው። ጭምብሉ የመጣው ከዚያ ነውና ችሎታዎን አይጠራጠሩ። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ሁሉ ተመልካችነቱን እንዴት እንደሚያስመልሱ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። በደብዳቤዎ ውስጥ የቀረቡት እንደ ዳኛ ሆነው ነው፤ እኔ ግን የተጨነቁ ሰው ሆነው ታይተውኛል። የሥዕል ሰብሳቢ ረጅሙን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከሥዕል ፊት ቆሞ ነው፤ መቅረቡን፣ መራቁን፣ ዓይንን ማጥበቡን፣ ማመዛዘኑንና ‹ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር› ማለቱን ተክኖበታል። ፖርትሬቱን ሊያሠራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕለት ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጥበታል፤ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ይቀርበዋል፣ ይርቀዋል፣ ዓይኑን አጥብቦ ይመዝነዋል። ይህ ራቁትን እንደ መቀመጥ ያለ ስሜት ያሳድራል፤ ብዙ ሥዕል ያየ ሰው ደግሞ ሠዓሊ ምን ያህል እንደሚያይ ስለሚያውቅ ከማንም ይልቅ ይሰማዋል። ወሬያቸውም፣ በየዕረፍቱ ከወንበሩ ተነሥተው ወደ ወረቀቱ መምጣታቸውም፣ እርማታቸውም ወደለመዱት ቦታ የሚመለሱባቸው መንገዶች ይመስሉኛል። ይህን ከተረዱ አይቆጧቸውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይፈሯቸውም።

በሚቀጥለው ቀን ሲሄዱ እርሳስዎን ከማውጣትዎ በፊት ወንበሮቹን ያዛውሩ። ጀርባዎን ለሥዕሎቹ ይስጡ፤ እሳቸው ደግሞ ሥዕሎቹን ትይዩ እንዲቀመጡ ያድርጉ። ከእሳቸው በስተጀርባ የሚቀረው ግድግዳ ባዶ ቢሆን ይመረጣል፤ የተሰቀለ ነገር ካለ ለጥቂት ሰዓት ጨርቅ ይጋረድበት። በዚህ አንድ እንቅስቃሴ እጅዎን የሚያስሩት ሥራዎች ከዓይንዎ ይሰወራሉ፤ ሰውየውም ሲወዱት የኖሩትን ነገር ፊት ለፊት ያገኛሉ። ከዚያም ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሥራ የትኛው እንደሆነ ይጠይቋቸውና እሱን እንዲመለከቱ ይለምኗቸው። ሥራው በትክክል ከራስዎ በላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቢገኝ መልካም ነው፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ሦስት አራተኛው ወደ እርስዎ ዞሮ ዓይናቸው ግን የራሱን ሥራ ይሠራል።

ይህን የምመክርዎ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በርካታ ሥዕል ያላቸውን አንድ ሰው ሥዬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ፊታቸው ድንጋይ ሆነብኝ፤ እሳቸውም ለሥዕል የሚሆን ፊት ይዘው ተቀመጡ፣ እኔም ያንኑ ፊት ገለበጥኩ። በሦስተኛው ቀን ፍሬሙ ተቀይሮ የመጣ አንድ ትንሽ ሥዕል ሰዎች ይዘው ገቡና ለጊዜው ብለው ከበስተጀርባዬ ግድግዳው ሥር አስደገፉት። ሰውየው ሳያውቁት ፊታቸው ተከፈተ። የታችኛው ከንፈር ላላ፣ ጭንቅላታቸው በግራ በኩል ዘንበል አለ፣ የዓይናቸው ቆብ ርቀት እንደሚለካ ሰው ዝቅ አለ፤ ከሁሉም የሚገርመው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያላየሁት አንድ ስርጉድ ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ ብቅ አለ። የሁለት ቀኑን ወረቀት ትቼ ሌላ ወረቀት ዘረጋሁ። ሰብሳቢ የራሱን ፊት የሚያገኘው የሚወደውን ሲያይ ነው፤ እንዲታይ ሲዘጋጅ ያ ፊት ይጠፋል።

የቀደሙት ሠዓሊዎችም ይህን ሰው ከሚወደው ዕቃ ለይተው አልሣሉትም። ሎሬንዞ ሎቶ እ.ኤ.አ. በ1527 የቬኒሱን ሰብሳቢ አንድሬያ ኦዶኒን ሲሥል በጥንታዊ ቅርጻ ቅርጾች መካከል አስቀምጦ አንዲት ትንሽ ሐውልት ወደ ተመልካቹ እንዲዘረጋ አድርጎታል፤ ሌላው እጁ ደረቱ ላይ ነው። ቲሲያን ደግሞ በ1567 እና በ1568 መካከል ያኮፖ ስትራዳ የተባለውን የጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢና ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የቬነስን ሐውልት በሁለት እጁ እንደያዘ ሥሎታል። ሁለቱም የያዙት ሐውልት ነው፤ አያያዛቸው ግን የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ይናገራል። የኦዶኒ እጅ ይሰጣል ወይም ያሳያል፤ የስትራዳ እጆች ከሥዕሉ ውጪ ላለ ሰው ዕቃውን እያቀረቡለት እንኳ የለቀቁት አይመስልም። የእርስዎ ሰብሳቢ አንድ ነገር በእጃቸው ቢይዙ እንዴት እንደሚይዙት ማየት ከፈለጉ በዕረፍት ሰዓት አንድ ትንሽ ሥራ አውርደው እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸውና እጃቸውን ብቻ በትንሽ ወረቀት ላይ ይንደፉ። ፖርትሬቱ እስከ ትከሻ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም እንኳ እጁን ያየ ሠዓሊ አፉን የሚሥልበት መንገድ ይለወጣል።

ስለ ብርሃኑም ልጨምር። የሰብሳቢ ሳሎን ብዙውን ጊዜ ለሥዕሎቹ ተብለው የተተከሉ ትናንሽ መብራቶች የበዙበት ነው። ለሸራ ጥሩ ናቸው፤ ለሰው ፊት ግን ጠላት ናቸው፤ ከየአቅጣጫው ጥላ እየጣሉ የአፍንጫን አጥንትና የጉንጭን ዙሪያ ይሰባብሩታል። ሁሉንም አስጠፍተው በአንድ መስኮት ብርሃን ይሥሩ፤ መስኮቱ ከጎናቸው ይሁን፤ አንደኛው ጉንጭ በብርሃን፣ ሌላው በጥላ ይሁን። ከመጀመርዎ በፊት ዓይንዎን አጥብበው ይመልከቱ፤ በጠበበ ዓይን ፊታቸው ሁለት ግልጽ ክፍል ሆኖ ካልታየ ወንበሩን እንደገና ያንቀሳቅሱት። የወንበሩን እግሮችና የጫማቸውን ቦታ ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉባቸው፤ አለዚያ ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላ አዲስ ሰው ይቀመጥልዎታል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ማረፍ አለባቸው፤ ከዚያ ካለፈ ራስ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጉንጭ ይወርዳል፤ እርስዎም ሳያውቁት የደከመ ሰው ሥለው ይቀራሉ።

አሁን ወደ አፍንጫው ልመለስ፤ ይህ አስተያየት በጣም ጠቃሚ ነገር የያዘ ይመስለኛል። እንደምገምተው ሰውየው ዝቅ ባለ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እርስዎ ደግሞ ቆመው ወይም ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ሆነው ነው የሚሠሩት። ከላይ ወደ ታች የታየ ፊት ግንባሩ ይሰፋል፣ የአፍንጫው ጫፍ ወደ ላይኛው ከንፈር ይቀርባል፣ አገጩ ያጥራል። ሰው ራሱን በዚያ ከፍታ አይቶ አያውቅምና ‹አፍንጫዬ ረዘመ› ቢል አይገርምም። ዓይንዎና ዓይናቸው በአንድ ከፍታ ላይ እንዲሆኑ ወይ እሳቸውን ከፍ ያድርጉ ወይ እርስዎ ይቀመጡ፤ በመካከላችሁም ከ2 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር። ሌላው የተለመደ ስሕተት ዓይኖችን ከቦታቸው በላይ ማስቀመጥ ነው። ዓይን የሚገኘው ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ገደማ ላይ ነው፤ ነገር ግን ፊት ለእኛ ከጸጉርና ከግንባር ይልቅ ስለሚስበን የራስ ቅሉን የላይኛውን ክፍል ሳናውቀው እናሳጥረዋለን። ያን ጊዜ አፍንጫው በትክክል ቢለካም እንኳ የረዘመ ይመስላል። ስለዚህ ላጲስ ከማንሣትዎ በፊት ክንድዎን ዘርግተው በእርሳስ ይለኩ፤ እንደ ግንበኛ ቱምቢ በክር የተንጠለጠለ ትንሽ ክብደት ይዘውም የዓይን ጥግ፣ የአፍንጫ ክንፍና የከንፈር ጥግ እንዴት እንደሚሰለፉ ይመልከቱ። የተመልካች ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ያመለከተበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሁላችንም የገዛ ፊታችንን የምናውቀው ከመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ቀኙን ወደ ግራ ያዞራል። የማንም ሰው ፊት ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ፣ ትክክለኛ ሥዕል ለባለቤቱ በመጠኑ የተጣመመ ይመስለዋል። እሳቸው ‹የሆነ ነገር ትክክል አልመጣም› ካሉዎ ሥዕሉን መስታወት ፊት ይዘው ያሳዩዋቸው። ያ ነው የሚያውቁት ሰው። መስታወቱ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ ዓይንዎ የለመደውን ስሕተት ገልብጦ እንደ አዲስ ያሳይዎታል።

ወረቀቱን በየዕረፍቱ ማየታቸውን ግን ያስቁሙ። ይህን በጨዋነት፣ በቀጥታና አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩ። እኔ ብሆን የምለው እንዲህ ነው፦ «የእርስዎ ዓይን ለእኔ ከባድ ነው፤ ያሉኝን ሁሉ ልፈጽም ስል የራሴን እይታ አጣለሁ። እስከ ቀኑ መጨረሻ አይዩብኝ፤ ሲያልቅ አብረን እናያለን፤ ያኔ የሚሉኝን ሁሉ አዳምጣለሁ።» ከዚህ በላይ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ሥዕል የሚያከብር ሰው ይህን ያከብራል። በቀኑ መጨረሻ የሚሉትንም በማስታወሻ ይጻፉት፤ እዚያው ግን አያርሙ። በማግስቱ ማለዳ ለብቻዎ አይተው ተገቢ የሆነውን ያርሙ፤ ትክክል ከነበሩም ትክክል እንደነበሩ ይንገሯቸው። ትክክል መሆናቸው እንደሚያሸማቅቅዎ ጽፈዋል፤ ለምን እንደሚያሸማቅቅዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራ እጅ ከሰለጠነ ዓይን አንድ እርማት ቢቀበል የሚጎድልበት ነገር የለም።

ወሬውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይከልክሉ። ዝም የተባለ ሰው አፉን ይቆልፋል፤ የተቆለፈ አፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። እያወሩ ሳለ የማይንቀሳቀሰውን ይሥሩ፤ የራስ ቅሉን ቅርጽ፣ ግንባሩን፣ የዓይኑን ጉድጓድ አጥንት፣ በተለይም ጆሮውን። ጆሮ ሲያወሩም አይንቀሳቀስም፤ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ባለው ከፍታ ገደማ ስለሚቀመጥም ለቀረው ፊት መለኪያ ይሆናል፤ ደግሞም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። አፍና አገጭ ላይ ሲደርሱ ብቻ የ10 ደቂቃ ዝምታ ይለምኑ። አሥር ደቂቃ ማንም አይነፍግዎትም፤ ልክ ወሬ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣው የአፍ ዕረፍትም ገና ያልተባለ ነገር ያለበት ስለሚመስል ለሥዕል እጅግ ያማረ ነው።

ያ ጭምብል የሆነው ወረቀት ምን ይሁን? ይተዉት። አራት ቀን የደከሙበትን ነገር መተው እንደሚያም አውቃለሁ፤ ግን የተሸፈነ ፊት በላጲስ አይገለጥም። አይቅደዱት፤ አቃፊ ውስጥ ያስቀምጡትና በአዲስ ወረቀት ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ሥዕል አይሞክሩ፤ በጨርቅ በቀላሉ በሚጠፋ ቀጭን ከሰል አምስት አምስት ደቂቃ የሚፈጁ ንድፎችን ብቻ ይሥሩ፤ 10 ወይም 12 ያህል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማንንም ማስደሰት አይቻልምና እጅዎ ነጻ ይሆናል። አንገት ከትከሻ የሚነሣበት ማዘንበል፣ የራስ ክብደት፣ የዓይን አቅጣጫ፤ እነዚህን ከያዙ ስለ ሽፋሽፍት አይጨነቁ።

በትዕግሥት በኩል፣ ፖል ሴዛን የሥዕል ነጋዴና ሰብሳቢ የነበረውን አምብሯዝ ቮላርን እ.ኤ.አ. በ1899 የሣለበትን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ቮላር ራሱ እንደጻፈው 115 ጊዜ ተቀምጦለታል፤ አንድ ቀንም እንቅልፍ ወስዶት ከነወንበሩ ወድቋል። ሥዕሉ ላይ በእጁ አካባቢ ቀለም ያልነካቸው ሁለት ትናንሽ ቦታዎች ቀርተዋል፤ ሴዛን እነሱን በዘፈቀደ ቢሞላ ሥዕሉን ሁሉ ከዚያ ቦታ ጀምሮ እንደገና ለመሥራት እንደሚገደድ ነግሮታል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የቀናቱን ብዛት አይደለም። በዓለም ታዋቂ የሆነ ሠዓሊ፣ ሥራውን በሚገዛና በሚሸጥ ሰው ፊት ያላየውን ነገር እንዳየ አስመስሎ አልሠራም፤ ባዶውን ባዶ አድርጎ ተወው። እርስዎም ያልገባዎትን ጉንጭ በልማድ አይሙሉት። ወረቀት ባዶ መሆኑ አያሳፍርም።

ስለ ፎቶግራፉ ጠይቀውኛል። አይጠቀሙ ብዬ አልከለክልዎትም፤ ለልብስ እጥፋትና ለጀርባ ዝርዝር ይረዳል። ለፊቱ ግን አይሆንዎትም። በቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ካሜራው የቀረበውን ያተልቃል፤ አፍንጫ ይፋፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያስቸገረዎትን የአፍንጫ ጉዳይ በእጥፍ ይመልስብዎታል። ደግሞም ፎቶግራፍ የያዘው ከሰከንድ እጅግ ያነሰች ቅጽበትን ነው፤ እርስዎ ግን የብዙ ሰዓት ፊት አይተዋል፤ ሰውን በአካል አስቀምጦ የተሠራ ጥሩ ሥዕል እነዚያን ሰዓቶች በአንድ ወረቀት ያጠራቅማል። ከእሳቸው ርቀው መሥራት ካማረዎት በትዝታ ይሥሩ። ፓብሎ ፒካሶ ጸሐፊና ሰብሳቢ የነበረችውን ገርትሩድ ስታይንን እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1906 ሲሥላት፣ እሷ እንደምትለው 80 ወይም 90 ጊዜ ያህል ከተቀመጠችለት በኋላ ‹ስመለከትሽ አላይሽም› ወደሚል ደረጃ ደርሶ ጭንቅላቱን አጠፋው፤ ጥቂት ወራት ስፔን አሳልፎ ሲመለስም እሷን ሳያስቀምጥ ፊቱን በአዲስ መልክ ሠራው። ይህን ማድረግ የቻለው ግን ብዙ ስላያት ነው። እርስዎም ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ቤትዎ ገብተው፣ ፎቶግራፍ ሳያዩ፣ ፊታቸውን አንድ ጊዜ በትዝታ ይንደፉት። እጅዎ የሚቆምበት ቦታ በማግስቱ ደህና አድርገው ሊያዩት የሚገባው ቦታ ነው።

ዕድሜ መቀነሱን በተመለከተ ያነሡት ጥያቄ ቅንነትዎን አሳይቶኛል። ሰው ማሳመር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከመቀነስዎ በፊት ጨምረውባቸው እንደሆነ ይመርምሩ። ብዙ ሥዕሎች ባለቤታቸውን የሚያስረጁት እያንዳንዱን ሽብሽብ እንደ ጥቁር መስመር ስለሚያሰምሩት ነው። ከዓይን ሥር ያለው ከረጢት መስመር አይደለም፤ ብርሃን የሚያርፍበት አናትና ለስላሳ ጥላ የሚይዝበት ሥር ያለው ቅርጽ ነው። በግማሽ ብርሃን ቀስ ብለው ሲሠሩት ሰውየው በትክክለኛ ዕድሜያቸው ላይ ሆነው ያምራሉ። ‹እዚህ ጋ መስመሩ ባይከብድ› ያሉዎትም ይህን ሊሆን ይችላል። ከዚህ አልፈው የግንባራቸውን ሽብሽብ ቢያጠፉ ግን፣ ቤታቸው ውስጥ ሲመለከቱት ከኖሩት ሥዕል ሁሉ ሐሰተኛው የእርስዎ ይሆናል፤ ያንንም ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ባይወዱትስ? ሊሆን ይችላል። አንሪ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1916 የሴዛንን ሥራዎች በብዛት የሰበሰበውን ኦጉስት ፔለረንን ሥሎ ነበር፤ ፔለረን ሥዕሉን ሲያይ አመነታ። ማቲስ ለማስደሰት ብሎ አላለዘበውም፤ በተከታዩ ዓመት ከመጀመሪያውም ይበልጥ ጠንካራና ቁጥብ የሆነ ሁለተኛ ሥዕል ሠራለት፤ ሰውየውም በመጨረሻ ሁለቱንም ወሰዳቸው። ሁሌ እንዲህ ያበቃል ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። የእርስዎ ሰብሳቢ ጭራሽ ላይወስዱት ይችላሉ፤ ሁለቱን ሥራዎችዎን የገዙት ግን በእርስዎ እጅ ስለተሠሩ ነው፤ በእሳቸው አመራር የተሠራ ሦስተኛ ሥራ ቢያገኙ ከነበሯቸው የሚያንስ ነገር ነው የሚያገኙት።

የገንዘቡንና የባለቤትነቱን ጉዳይ አስቀድመው ካልተነጋገሩ ከአምስተኛው ቀን በፊት ይነጋገሩ፤ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ሥዕሉ ባይወደድ ለጊዜዎ የሚከፈል መኖሩን፣ ያልተወሰደ ሥዕል የእርስዎ ሆኖ መቅረቱን፣ ንድፎቹ የማን እንደሆኑ፣ ዐውደ ርእይ ላይ ለማቅረብ ወይም አሳትሞ ለማውጣት ማን እንደሚፈቅድ ይጻፉበት። በብዙ አገሮች ሕግ ወረቀቱን መግዛትና የማባዛት መብቱን መግዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ሲጻፍ ፍርሃትዎ ሁሉ ባይጠፋም የሚጨበጥ መጠን ይኖረዋል።

እንግዲህ በአምስተኛው ቀን ወንበሮቹን አዙረው፣ መብራቶቹን አስጠፍተው፣ የሚወዱትን ሥራ እንዲመለከቱ ከለመኗቸው በኋላ ወዲያው አይሣሉ። አምስት ደቂቃ እጅዎን አጣጥፈው ይመልከቷቸው። ከዚያ በትንሿ ወረቀት በጆሯቸው ይጀምሩ። ማታ ቤትዎ ሲገቡም በድጋሚ ይጻፉልኝ፤ አፍንጫቸውን በተመለከተ እሳቸው ያሉትን ትተው፣ እርስዎ ያዩት አፍንጫ ምን እንደሚመስል ይንገሩኝ።